ክሩዝ በዝናብ፦ እግርህ የት ነበር?

ሐምሌ ላይ አንድ የኢንተርኔት መድረክ ላይ ስለ መኪና ክሩዝ ኮንትሮል ጥያቄ ለጥፌ ነበር። ምላሹ 31 ደረሰ። አንዳንዱ አስተማረኝ፣ አንዳንዱ አናደደኝ፣ አንዱ ደግሞ እስካሁን ከጭንቅላቴ አልወጣም። መሪ የሚይዝ ሰው ሁሉ ቢያውቀው ደስ ስለሚለኝ፣ ክሩን፣ ጥያቄውንና ምላሾቹን፣ ከላይ እስከ ታች በራሴ አባባል እተርካለሁ።

መክፈቻው

እናቴን ከአዳማ ወደ አዲስ አበባ ለሐኪም ቀጠሮ እያመጣኋት ነበር። መኪናዬ ከገልፍ አገር የገባ ያገለገለ ኮሮላ ነው። ክሩዝ ኮንትሮል አለው፣ እግርህ ነዳጅ ሳይረግጥ ያሰርከውን ፍጥነት ራሱ የሚይዝ ዕቃ ማለት ነው። በፍጥነት መንገዱ ላይ ሞጆን አለፍ እንዳልኩ 100 ላይ አሰርኩት። መንገዱ ጭር ብሏል። እናቴ ከኋላ ነጠላዋን ተከናንባ ሸለብ አድርጓታል። ጥቂት ቆይቶ ዝናቡ ወረደ። የሐምሌ ዝናብ ነው፣ መጥረጊያው አልቻለውም። እኔ ግን ክሩዙን አላጠፋሁትም።

አንድ ረባዳ ቦታ ላይ ውሃ ተኝቶ ነበር። መኪናው ውሃው ውስጥ ሲገባ መሪው እጄ ላይ ቀለለ። ልክ ጎማ የሌለው መኪና የያዝኩ መሰለኝ። ወዲያው ሞተሩ ጮኸ። እኔ ነዳጅ አልሰጠሁም፣ እሱ ግን ይጮኻል። ሁለት ሰከንድ ቢሆን ነው። በ100 ፍጥነት ሁለት ሰከንድ ማለት ከ55 ሜትር በላይ ነው። ከዚያ ጎማው አስፋልቱን ሲያገኝ መኪናው ወደ ግራ ወረወረን። እናቴ ነቅታ የእመብርሃንን ስም ጠራች። የመሀሉን ብረት ለጥቂት ሳተነው። የቀረውን መንገድ በ60 ነዳሁ፣ እጄ እየተንቀጠቀጠ።

ጥያቄዬ ይህ ነበር። ክሩዝ በዝናብ ይነዳበታል ወይስ አይነዳበትም? ሞተሩስ ለምን ጮኸ?

ምላሾቹ

1. የመጀመሪያው ሰው እንኳን አተረፋችሁ ብሎ ጀመረ። ቀጥሎ በትዕግሥት አስረዳኝ። ጎማው ውሃውን ቀዶ መሬት ካልነካ በውሃው ላይ ይንሳፈፋል። መሪው የቀለለው ለዚህ ነው። ክሩዝ ደግሞ የሚያውቀው አንድ ነገር ብቻ ነው፣ ያዘዝከውን ቁጥር። ውሃው መኪናውን ያዝ ሲያደርገው ፍጥነቱ የወረደ ይመስለውና ነዳጅ ይጨምራል። ያኔ የሚነዱት ጎማዎች መሬት ስለማይጨብጡ ባዶውን ይሽከረከራሉ። ሰው ቢሆን ኖሮ ውሃውን ገና ከሩቅ አይቶ እግሩን ያነሣ ነበር። ይህን ያህል ግልጽ አድርጎ ያስረዳኝ መካኒክ አላጋጠመኝም።

2. ይኼኛው ሰላምታም የለው። ክሩዝ ለሰነፍ ሹፌር የተሠራ ዕቃ ነው አለ። አህያና ፍየል በሚያቋርጥበት አገር፣ ሰው አጥር ሾልኮ በሚገባበት መንገድ ይህን መጠቀም በነፍስ መጫወት ነው ብሎ ዘጋው። ቃሉ ቢመርም፣ ስለ ፍየሉና ስለ አህያው የተናገረው እውነት ነው።

3. ሦስተኛው ምላሽ ከአንድ ጡረታ የወጡ የአገር አቋራጭ አውቶቡስ ሹፌር የመጣ ነው። ብዙዎቹ እሳቸውን ያውቋቸዋል፣ ጋሼ ይሏቸዋል። ጋሼ ሁለት ጥያቄ ብቻ ጠየቁኝ። መኪናው ሲንሸራተት ቀኝ እግርህ የት ነበር? የፊት ጎማህ ስንት አየር ነበረው? ሌላ ምንም አልጻፉም። አልመለስኩላቸውም። እኔ ስለ ዝናብ ስጠይቅ እሳቸው ስለ እግሬ መጠየቃቸው ምኑም አልገባኝም ነበር።

4. አራተኛው ሰው ከዓመታት በፊት በኢሜይል ሲዞር የነበረ ወሬ አመጣ። በዝናብ ክሩዝ ያበራ መኪና በራሱ ፍጥነት ጨምሮ ከመሬት ተነሥቶ እንደሚበር፣ ይህንንም ፖሊስ እንዳረጋገጠ።

5. አምስተኛው ነገሩን አረመው። መኪና አይበርም። የሚሽከረከረው ጎማው ነው እንጂ መኪናው አይፈጥንም። ዛሬ ብዙ መኪና ላይ ጎማ ሲንሸራተት የሚቆጣጠር ሥርዓት አለ፣ ያ ሥርዓት ሲነሣ ክሩዙን ራሱ ያጠፋዋል። ግን ያ እስኪሆን ድረስ ሹፌሩ ምን እንደተፈጠረ ሳይገባው ይቀራል። የመኪኖች መመሪያ መጽሐፍም በእርጥብና በሚያንሸራትት መንገድ አትጠቀሙ የሚለው በዚህ ምክንያት ነው። ወሬው የተጋነነ ነው፣ ምክሩ ግን ትክክል ነው።

6. አራተኛው ሰው ተናደደ። የተማረ መስሎ ሰው ከሚያርም ልቡን ቢከፍት ይሻለዋል አለ። አምስተኛው አልመለሰለትም። ደግ አደረገ።

7. አንድ መሐንዲስ ነኝ ያለ ልጅ በቁጥር መጣ። በ1960ዎቹ ናሳ በአውሮፕላን ጎማ ላይ ካደረገው ጥናት የወጣ ስሌት እንዳለ ነገረን። ጎማው በተኛ ውሃ ላይ መንሳፈፍ የሚጀምርበት ፍጥነት በውስጡ ካለው አየር ጋር የተያያዘ ነው። የአየሩን ልክ በፒ ኤስ አይ፣ ጎሚስታ በሚለካበት የግፊት መለኪያ፣ ወስደህ ስኩዌር ሩቱን በ10.35 ታባዛለህ፣ ውጤቱ በሰዓት ማይል ነው። 32 አየር ያለው ጎማ በ94 ኪሎ ሜትር ገደማ ይንሳፈፋል። አየሩ ወደ 25 ከወረደ 83 ላይ ይጀምራል። ስሌቱ የሚሠራው ጥርሱ ላለቀ ጎማና ጥልቅ ለሆነ ውሃ ነው። ጥሩ ጥርስ ያለው ጎማ ውሃውን ስለሚያስወጣ የተሻለ ዕድል አለው።

ጋሼ ስለ አየር ለምን እንደጠየቁ ያኔ ጭል አለልኝ። አሁንም ግን አልመለስኩም።

ከ8 እስከ 11። እዚህ ክሩ ወደ ጎማ ዋጋ ገባ። አራት ሰዎች ስለ ጎማ ውድነት ተማረሩ። አንዱ ከውጭ ያገለገለ መኪና ሲገባ አብሮት የሚመጣውን ጎማ ማንም እንዳያምን መከረ። የገልፍ ፀሐይ ጎማን ያደርቃል፣ ጥርሱ ሙሉ ሆኖ ላስቲኩ ግን የሞተ ይሆናል። የጎማውን ጎን እዩ አለ። አራት አሃዝ ያለው ቁጥር አለ፣ የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ሳምንቱን፣ የኋለኞቹ ሁለቱ ዓመቱን ይነግራሉ። ስልኬን አስቀምጬ ወርጄ አየሁ። 3416 ይላል። የ2016 34ኛው ሳምንት መሆኑ ነው። መኪናውን ስገዛ ቀለሙን፣ ወንበሩን፣ ሞተሩን አይቻለሁ። ይህን ቁጥር ግን አላየሁም።

12. አንዲት እህት የጻፈችው የዚህ ክር ምርጥ ታሪክ ነው ብዬ አምናለሁ። ከዱከም መውጫ ወጥታ፣ ክፍያውን ከፍላ፣ ወደ አሮጌው መንገድ ገባች። በፍጥነት መንገዱ ላይ ክሩዟ 110 ላይ ነበር። ፍሬን ስትረግጥ ጠፋ። አሮጌው መንገድ ላይ 50 ደርሳ እዚያው ላሰረው ብላ ዘንጉን ወደ ታች መጫን ሲገባት ወደ ላይ ገፋችው። ወደ ታች ሰት ነው፣ አሁን ያለህበትን ፍጥነት ያስራል፤ ወደ ላይ ሪዝዩም ነው፣ ቀድሞ ወደታሰረው ፍጥነት ይመልሳል። መኪናው 110ን አልረሳም። ከፊቷ ባጃጅ እያለ መኪናው ወደ ፊት ዘለለ። የባጃጁ የኋላ መብራት በፍጥነት እየሰፋ ሲመጣ ታየኝ ነው የምትለው። ፍሬን ይዛ ተረፈች። ባጃጁ ውስጥ ሁለት ተማሪዎች ነበሩ፣ ዘወር ብለው እንዳዩዋት ጽፋለች።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ከፍጥነት መንገዱ ስትወጣ ክሩዙን በፍሬን ሳይሆን በዋናው ቁልፍ ታጠፋዋለች። በዋናው ቁልፍ ሲጠፋ የተያዘው ፍጥነት ይሰረዛል። እኔም ይህን ከእሷ ወስጃለሁ።

13. ቀጣዩ ሰው አሠራሩን ለማያውቁ ዘረዘረላቸው። ብዙ የቶዮታ መኪኖች ላይ ከመሪው ጀርባ በስተቀኝ ታች አጭር ዘንግ አለች። ጫፏን ስትጫን ይበራል፣ ወደ ታች ስትጫናት የያዝከው ፍጥነት ይታሰራል፣ ወደ ራስህ ስትስባት ይሰረዛል። ከ40 ኪሎ ሜትር ገደማ በታች አይሠራም። በእጅ ማርሽ መኪና ላይ ፍሪሲዮን ሲረገጥም ይለቃል። በሌላ መኪና ላይ ግን ቁልፎቹ መሪው ላይ ናቸው፣ ቦታቸውም ይለያያል። የሰው መኪና ተውሰህ መንገድ ከመውጣትህ በፊት ቆመህ ቁልፎቹን በጣትህ ለይ አለ።

14. መካኒክ ነው። አጭር ጽሑፍ፣ ግን ወርቅ። ክሩዙን የሚያጠፋው ከፍሬን መርገጫው ጀርባ ያለ ትንሽ ስዊች ነው፣ የኋላ የፍሬን መብራት የሚያበራውም እሱ ነው። የፍሬን መብራትህ አንዳንዴ የሚበራ አንዳንዴ የሚጠፋ ከሆነ ክሩዙን አትንካ፣ መጀመሪያ ስዊቹን አስቀይር። ያገለገለ መኪና የገዛ ሰው ማታ ከግድግዳ ፊት ለፊት በኋላው አቁሞ ፍሬን እየረገጠ ቀዩን ብርሃን ይመልከት። ከዚያ ጭር ባለ መንገድ በ50 አስሮ ፍሬኑን ነካ ያድርግ፣ መልቀቁን ያረጋግጥ። ሌላው የእግር ምንጣፍ ነው። የሚንሸራተት ምንጣፍ ነዳጅ መስጫው ሥር ይገባል።

15. ከዴንቨር፣ ተሳቢ የሚነዳ ወንድም ረዘም አድርጎ ጻፈ። ሥራው አይ 70 በሚባለው የአሜሪካ አውራ መንገድ ላይ ነው። የአይዘንሀወር ዋሻ ከባሕር ጠለል በላይ 3400 ሜትር ገደማ ላይ ነው። ከዋሻው ወደ ምዕራብ ሲወጣ ቁልቁለቱ ይጀምራል። ፍሬኑ የከዳው ከባድ መኪና የሚያመልጥባቸው፣ በጠጠር የተሞሉ መውጫዎች ከመንገዱ ዳር ተሠርተዋል። እሱ ክሩዝን የሚወደው በካንሳስ ሜዳ ላይ ነው። እዚያ መንገዱ ቀጥ ያለ ነው፣ ስምንት ሰዓት ሙሉ አንድ ቦታ የተረገጠ እግር ይደነዝዛል። ተራራው ሳይጀምር ግን ያጠፋዋል።

ቁልቁለት ላይ ተራ ክሩዝ ነዳጅ ይቀንሳል እንጂ ብዙ ጊዜ ፍሬን አይዝም፣ መኪናው ካሰርከው በላይ ይሮጣል። ዳገት ላይ ደግሞ ቁጥሩን ላለመልቀቅ ማርሽ እያወረደ ሞተሩን ያስጮኻል። በረዶ ላይ ከተበራ ተሳቢው እንደ ቢላዋ ይታጠፋል። ቁልቁለት የሚወረደው ገና ከላይ ማርሽ አውርዶ፣ ሞተሩ መኪናውን እንዲይዘው አድርጎ ነው። አንድ ክረምት ፊት ለፊቱ የታጠፈ ተሳቢ አይቷል። ሹፌሩ የአገራችን ልጅ ነበር፣ ተርፏል። ሥራ ለሚጀምሩ ልጆች ሁሉ ይህን እንደሚናገር ጻፈ።

ይህን ሳነብ የኛን መንገድ አሰብኩት። አዲስ አበባ አብዛኛው ክፍሏ ከ2300 ሜትር በላይ ናት፣ አዳማ 1700 ገደማ ናት። 600 ሜትር በ80 ኪሎ ሜትር መንገድ ላይ ስለተበተነ ዓይን ቁልቁለት አይለውም። መኪናው ግን ያውቀዋል። ወደ አዳማ ስወርድ ክሩዙ 100 ላይ ታስሮ መርፌው ከ100 አለፍ ሲል ብዙ ጊዜ አይቻለሁ።

16. ከቨርጂኒያ አንዲት እናት ጉልበታቸውን ያማቸዋል። ክሩዝ ባይኖር ልጃቸውን ለማየት አራት ሰዓት መንዳት እንደማይችሉ ጻፉ።

17. ምላሽ 2 ላይ የነበረው ሰው ተመለሰ። እግሩን የሚያመው ሰው መሪ አይያዝ አለ።

18። 19። ሁለት ሰዎች ገሠጹት። አንዱ በጨዋ ቃል፣ ሌላው ባልጨዋ ቃል። እኔም ገብቼ እናት የሚሆኑ ሴት በዚህ ቃል እንደማይመለሱ ነገርኩት። እኚህ ሴት ክሩዝ የሚያበሩት እግራቸውን ለማሳረፍ እንጂ ዓይናቸውን ለመጨፈን አይደለም። ጉልበቱ ያላረፈ ሰው ፍሬን ለመያዝም ይዘገያል።

20. አዲስ ቢዋይዲ የገዛ ወጣት ደግሞ ይህ ሁሉ ጭቅጭቅ የድሮ ነው አለ። በ2024 መጀመሪያ በነዳጅ የሚሠሩ የግል አውቶሞቢሎች እንዳይገቡ ከተከለከለ ወዲህ መንገዱ በኤሌክትሪክ መኪና እየተሞላ ነው። የሱ መኪና ከፊት ያለውን መኪና በራዳርና በካሜራ አይቶ ራሱ ይቀንሳል፣ ራሱ ይጨምራል። ችግሩ ስክሪኑ ሁሉ በቻይንኛ መሆኑ ነው። ስልኩን ስክሪኑ ላይ ደግኖ እያስተረጎመ ነው የለመደው። ርቀቱን በትንንሽ መስመሮች ያሳያል፣ እሱ ሁሌም በጣም ቅርቡን ይመርጣል። ራቅ ካደረገ ሚኒባስ መሀል ይገባበታላ።

21. እዚህ ላይ አንድ ሰው በጣም ጠንከር ብሎ መለሰለት፣ ደግሞም መጠንከር ነበረበት። ራሱን የሚያስተካክለው ክሩዝ በደንብ የሚከተለው የሚንቀሳቀስ መኪና ነው። በከፍተኛ ፍጥነት ላይ የቆመ ነገርን ብዙዎቹ ሊስቱት እንደሚችሉ መመሪያ መጽሐፋቸው ራሱ ይጽፋል። ራዳሩ የቆመ ምልክት፣ የቆመ ድልድይ፣ የቆመ ብረት ባየ ቁጥር ፍሬን ቢይዝ መኪናው መንገድ ላይ ሁሌ ይቆም ነበር። ስለዚህ የማይንቀሳቀሰውን ብዙውን ጊዜ ይንቀዋል።

አሁን የኛን መንገድ አስቡት። ሲኖትራክ ተበላሽቶ መሀል መንገድ ላይ ቆሟል። ረዳቱ ከኋላው ድንጋይ ደርድሮ ቅርንጫፍ ጥሏል። ይህ ቅርንጫፍ ለኛ ቋንቋ ነው፣ ገና ከሩቅ ስናየው እግራችን ይነሣል። ለራዳር ግን ቅጠል ነው። ከፊትህ ያለው መኪና ድንገት ወደ ጎን ሲወጣለትና የቆመው ሲኖትራክ ሲገለጥ፣ በ100 ፍጥነት በየሰከንዱ 28 ሜትር ገደማ እየበላህ ነው። ቅርቡን ርቀት የመረጠ ሰው ለራሱ ስንት ሰከንድ አስቀረ? የፊት ፓራውልቱ በጭቃ ከተሸፈነ ደግሞ ጭራሽ ላያይ ይችላል።

ልጁ አመሰገነ። ርቀቱን ወደ ሩቁ እንደቀየረው ጻፈ። በዚህ ክር ላይ ሐሳቡን በግልጽ የቀየረ የመጀመሪያው ሰው እሱ ነው፣ አከበርኩት።

22. አንድ ሌላ የኤሌክትሪክ ባለቤት ትንሽ ነገር ጨመረ። በነዚህ መኪኖች ላይ ክሩዙን በእጅ ስትሰርዘው፣ እግርህ ፍጥነት መጨመሪያው ላይ ከሌለ፣ መኪናው ባትሪ ለመሙላት ራሱን በኃይል ሊይዝ ይችላል። ከኋላህ ያለው ሰው አልጠበቀውም። መጀመሪያ እግርህን አስቀምጥ፣ ቀጥለህ ሰርዝ።

23. ዱባይ የሚነዳ ወንድም አሸዋና ግመል ስላለበት መንገድ ትንሽ አወራና ወደ ዋናው ነገር ገባ። ክሩዙ አልለቅ ቢልህስ? ይህ ብርቅ ነው፣ ግን ሰው አስቀድሞ ካላሰበበት ያኔ አያስብም። ድርብ ፍሬቻ አብራ። ፍሬኑን አንዴ ረግጠህ ያዘው፣ ደጋግመህ አትምታው፣ ደጋግሞ ሲመታ ኃይሉ ያልቃል። ማርሹን ወደ ዜሮ ውሰድ። ሞተሩ ይጮኻል፣ ይጩህ። ዳር ይዘህ ከቆምክ በኋላ አጥፋው። መኪናው እየሄደ ቁልፉን አትንቀል፣ መሪው ሊቆለፍ ይችላል።

24. አንዲት ጡረተኛ መምህርት ይህን ዕቃ የፈለሰፈው ሰው ዓይነ ስውር መሆኑን ታውቃላችሁ ወይ ብለው መጡ። ራልፍ ቲተር ይባላል፣ የአሜሪካ ኢንዲያና ሰው ነው። በአምስት ዓመቱ በደረሰበት አደጋ ዓይኑን አጣ። ትልቅ ሰው ሆኖ፣ መሐንዲስ ሆኖ፣ ከጠበቃው ጋር መኪና ውስጥ ሲሄድ ጠበቃው ሲያወራ ይቀንሳል፣ ሲያዳምጥ ይጨምራል። ቲተር ይህን መንገጫገጭ በሰውነቱ ነው ያወቀው። ፓተንቱን በ1950 አገኘ። ክራይስለር በ1958 መኪናው ላይ አወጣው።

ብዙ ሰው ወደደው። እኔም ወደድኩት። ዕቃው የተወለደው መኪና እኩል እንዲሄድ ነው። መንገድ እንዲያይ አልተወለደም። የፈጠረው ሰው ሲሳፈር መንገዱን የሚያይለት ሹፌር ነበረው።

25. ነዳጅ ይቆጥባል ወይ የሚል ጥያቄ ተነሣ። መልሱ ባጭሩ፦ ሜዳ ላይ አዎ፣ ዳገትና ቁልቁለት በበዛበት አይ። ከክሩዙ ይልቅ የሚበላው ፍጥነቱ ነው። ከ100 ወደ 120 ስትወጣ የአየሩ ግፊት 44 በመቶ ይጨምራል። በ80 ኪሎ ሜትር መንገድ ላይ የምታተርፈው ስምንት ደቂቃ ነው።

26። 27። እዚህ ጭቅጭቁ ጦፈ። አንዱ በግራ መስመር ላይ ክሩዛቸውን 95 ላይ አስረው የሚተኙ ሰዎችን ወረደባቸው። ሌላው ከኋላ መብራት የሚያንቦገቡጉትን ወረደባቸው። ሁለቱም ከፊል እውነት አላቸው። 95 ላይ የታሰረውን መኪና በ97 ማለፍ ረጅም ደቂቃ ይፈጃል። ስታልፍ በእግርህ ጨምረህ እለፍ፣ ከዚያ እግርህን ስታነሣ ክሩዙ ወደ ቁጥሩ ይመለሳል፣ አንተም ወደ ቀኝህ ተመለስ። የመድረኩ አስተዳዳሪ ስድቦቹን አጠፋ።

28. ጋሼ ተመለሱ። ከ25 ምላሽ በኋላ ያንኑ ነገር ነው የጻፉት። ልጄ፣ እግርህ የት እንደነበር አልነገርከንም።

29. ይኼኛው የኔ ነው። ማምለጫ አጥቼ አይደለም፣ እውነቱን ለመናገር ስል ጻፍኩ። ቀኝ እግሬ ወንበሩ ሥር ታጥፎ ነበር። ክሩዙን ካሰርኩ በኋላ ጫማዬን አላልቼ ተረከዜን ወደ ኋላ ስቤ ተመቻችቼ ነበር። ሞተሩ ሲጮኽ መጀመሪያ እግሬን ፈለግኩት። ከወንበሩ ሥር ሳወጣው ጫማዬ ምንጣፉን ያዘው። ፍሬኑ ጋ ስደርስ መኪናው አስፋልቱን አግኝቶ ነበር።

30. ጋሼ አልተቆጡም። በዚያ ሰዓት ፍሬኑ ጋ አለመድረሴ እግዜር የሠራው ነው አሉ። ጎማው በውሃ ላይ እያለ ፍሬን ብይዝ ኖሮ ወይም መሪውን ባዞር፣ ጎማው መሬት ሲያገኝ ይገለብጠን ነበር። በውሃ ላይ የሚደረገው ነዳጅ መቁረጥ ነው፣ መሪውን ቀጥ አድርጎ መያዝና መጠበቅ። ክሩዙ ደግሞ በጣት በካንስል፣ በመሰረዣው፣ ይጠፋል።

ለደረቅ መንገድ ግን እግሬን የት እንደማኖር በደንብ አስረዱኝ። ተረከዝ መሬት ላይ፣ ከፍሬኑ ፊት ለፊት። የእግር ጣት መርገጫውን ሳይነካ ወደሱ ያመለክታል። ከነካው መብራቱ ይበራል፣ ክሩዙም ይለቃል። ያ ቦታ ካልተመቸህ ክሩዙን አጥፍተህ በእግርህ ንዳ። ጫማ ይታሰራል። በየጥቂት ደቂቃው እግርን አንሥቶ መልሶ ማስቀመጥ፣ እንዳይደነዝዝ። ዝናብ ሲያካፋ፣ ገና መስተዋቱ ላይ የመጀመሪያው ጠብታ ሲያርፍ፣ ክሩዝ ይጠፋል። ከባዱን ዝናብ አትጠብቅ፣ መጀመሪያ የሚወርደው ካፊያ አስፋልቱ ላይ ካለው ዘይትና አቧራ ጋር ሲቀላቀል ነው የሚያንሸራትተው አሉ።

መጨረሻ ላይ ሁለተኛውን ጥያቄ አስታወሱኝ።

31. በማግስቱ ጠዋት ሰፈር ያለው ጎሚስታ ጋ ሄድኩ። ልጁ መለኪያውን የፊት ቀኝ ጎማ ላይ ሰካ። አየው፣ ነቅሎ መልሶ ሰካው። ግራውንም ለካ። መለኪያውን አዙሮ አሳየኝ። ፎቶ አንሥቼ ለጋሼ ለጠፍኩላቸው። ሁለቱም 25 ነበሩ።